የሚፎክረው ጎራዴ

እንጀራዬ ሠርግ ነው። ጥርና ሚያዝያን ሙሽራ ሳሳድድ እከርማለሁ፤ በቀሩት ወራት ምርቃት፣ ልደት፣ አልፎ አልፎ ደግሞ «ለፓስፖርት ነው፣ ጉንጬን ቀነስ አድርጊልኝ» የሚሉ ደንበኞች አሉኝ። እና በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አጎቴ ደውሎ «ካሜራሽን ያዢና ደብረ ብርሃን ነዪ፣ ጎራዴ ታነሺያለሽ» ሲለኝ መጀመሪያ የመጣልኝ የመሬት ጠብ ነው።

«በማን ላይ?» አልኩት።

ጠብ አልነበረም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሙዚየም ለዓድዋ በዓል ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጅ ነው። ከግለሰቦች ቤት የድሮ የጦር መሣሪያ በውሰት እየፈለገ ነው። የአያቴ የእቴቴ ሦስት ሰይፎች ወሬም ደርሶታል። ግን «እንወስዳለን» ከማለታቸው በፊት ፎቶና ልክ ይፈልጋሉ። ባለሙያዋ የላከችልኝ ዝርዝር ሁለት ገጽ ነው። የእያንዳንዱ ሰይፍ ሙሉ ርዝመት፤ የስለቱ ርዝመት ለብቻ፤ ስፋቱ ከእጀታው ሥር፣ መሐሉ ላይና ጫፉ አጠገብ፤ የጀርባው ውፍረት፤ ክብደቱ፤ የአፎቱ ልክ ከውጭም ከውስጥም። ፎቶው ደግሞ በግራ፣ በቀኝ፣ በጀርባ፣ በስለት፣ እያንዳንዱ ምልክት፣ እያንዳንዱ ዝገት፣ እያንዳንዱ ስንጥቅ። መጨረሻ ላይ ከሥሩ ተሰምሮበት «አትወልውሉ፣ አታጥቡ፣ ቅባት አትቀቡ» ይላል።

ሃያ ዓመት የተጋቡ ሰዎች እንኳ እንዲህ የተያዩ አይመስለኝም። ምክንያቱ ግን ገብቶኛል። ንብረቱ ተመልሶ ሲመጣ «ይኼ ጭረት ድሮም ነበረ፣ አልነበረም» የሚል ክርክር ቢነሳ ዳኛው ፎቶው ነው።

ከሦስቱ አንዱን፣ ጎራዴውን፣ የማውቀው በድምፁ ነው። ልጆች ሆነን ለፋሲካ እቴቴ ቤት ስንሄድ አጎቴ ከግድግዳው ያወርደውና ከነአፎቱ ይነቀንቀዋል። ውስጡ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። «ሰማችሁ? እየፎከረ ነው! ዓድዋ ትዝ ብሎት ነው» ይለናል። የእቴቴ አያት በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመቱበት ጎራዴ ነዋ! አንድ የካቲት 23 ዋዜማ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ «እኛ ቤት የሚፎክር ጎራዴ አለ» ብዬ ተናግሬ ተስቆብኛል። እኔ ግን አምን ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከዚያች ኅዳር ድረስ አምን ነበር።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርዱ ግን ሌላ አገር ነው። ስደርስ መብራት የለም። ለኔ ግማሽ በረከት ነበር። ብረት ማንሳት ማለት ሰው ማንሳት አይደለም። ብረት መስታወት ነው። ፎቶው ላይ የሚወጣው የብረቱ መልክ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ፎቶዎች ሳያቸው ጎራዴው ላይ የታየችው ቀይ ሹራብ የለበሰች፣ ካሜራ ያንጠለጠለች፣ ግንባሯን የቋጠረች ሴት ናት። መፍትሔው ብርሃን መጨመር ሳይሆን ብርሃኑን ማለስለስ ነው። እቴቴ ሁለት ነጠላ ሰጡኝ። አንዱን መስኮቱ ላይ፣ ሌላውን ከሰይፉ በላይ እንደ ድንኳን ወጠርኩት። አራት መቶ ሺህ ብር የሚከፈልባቸው ሠርጎች ላይ እንደዚያ የሚያምር ብርሃን አግኝቼ አላውቅም።

ጓንትም ነበረ። ከፋርማሲ የተገዛ ሰማያዊ የሐኪም ጓንት። የጣት ላብ ጨው አለው፣ ብረት ላይ ካረፈ አሻራችሁ በዝገት ተጽፎ ይቀራል። የጨርቅ ጓንት ደግሞ ያንሸራትታል። እቴቴ እጄን አይተው «ታሟል እንዴ?» አሉኝ። ራሳቸው በየዓመቱ ለየካቲት 23 ጎራዴውን በባዶ እጃቸው በኑግ ዘይት ሲያሹት ኖረዋል። የስለቱ ፊት በደረቀ ዘይት ጠቁሯል። ባለሙያዋ አትንኩት ያለችው ይኸንን ነው፤ እኔም አልነካሁትም።

ልኬቱ ላይ ደግሞ የራሴን ጉድ ልናገር። እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ጥቁርና ነጭ መለኪያ ከሰይፉ ጎን መቀመጥ አለበት። ከፍታው እንኳ ከሰይፉ ገጽ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ዝቅ ካለ ያሳንሳል፣ ልኩ ይዛባል። እኔ ፋይሉን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አሳተምኩ። ግማሽ ቀን ሙሉ አርባ ምናምን ፎቶ ካነሳሁ በኋላ እንደው ሲያቅበጠብጠኝ ማስመሪያ አስጠግቼ አየሁት። 9.6! ማተሚያው ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት ብሎ አሳንሶት። ሁሉንም እንደገና አነሳሁ። አጎቴ «በ4 ሚሊ ሜትር?» ብሎ ሳቀብኝ። በኋላ ግን አልሳቀም።

የመጀመሪያው ሾተሉ ነበር። ሾተል አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ሰይፍ ከሚመስል ይልቅ ትልቅ ማጭድ ይመስላል። እንዲያ የታጠፈው ከጠላት ጋሻ ጀርባ ዞሮ እንዲገባ ነው። የኛ ሰዎች ሰይፍ የሚታጠቁት በቀኝ በኩል ነበር፤ ግራው ለጋሻ እንዲለቀቅ። እና ይኼን ጉድ ርዝመቱ ስንት ነው ብትባሉ ምን ትመልሳላችሁ? ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ በቀጥታ ሲለካ 74 ሴንቲ ሜትር። የውጭ ጠርዙን በልብስ ሰፊ ሜትር ተከትዬ ስለካው 96። (የብረት ሜትር ይጭራል፣ እንዳትሞክሩት።) ሁለቱም ትክክል ነው፣ ሁለቱም ይጻፋል። በቀጥታው መስመርና በጉብጠቱ መካከል ያለው ጥልቀትም ይጻፋል፤ 26 ወጣ።

ሁለተኛው አጭር የክብር ሰይፍ ነው፣ ብዙ የሚወራለት የለም። ጉለሌ የሚኖር የእቴቴ የእህት ልጅ ከአንድ ጡረተኛ መኮንን ገዝቶ ያመጣው ነው። ለክቶ ማንሳቱ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ጎራዴው ሲመጣ ጸሐዩ ወደ ምዕራብ ዞሯል። በሰፊ ሌንስ ካነሳሁት መሐሉ ያብጣል፣ ጫፎቹ ይጠማዘዛሉ። ስለዚህ ሙሽሮችን የማነሳበትን 85 ሚሊ ሜትሩን ገጠምኩ። በዚህ ሌንስ አንድ ሜትር የሚጠጋ ነገር ሙሉውን እንዲገባ ሁለት ሜትር ተኩል መራቅ አለብኝ፤ የእቴቴ ጣሪያ ደግሞ ከላይ ሆኖ ማንሳት አይፈቅድም። ጣውላ ግድግዳ ላይ አጋድመን፣ ግራጫ ጨርቅ አልብሰን፣ ሰይፉን አስደግፈን፣ ካሜራውንም በዚያው ልክ አዘነበልኩት። ስለቱ 79 ሴንቲ ሜትር፣ እጀታው 14፣ ክብደቱ በሱቅ ሚዛን 780 ግራም።

እጀታው ቀንድ ነው። የስልክ ባትሪ ከጫፉ ሥር ሳበራበት ሣሣ ያለው ጠርዝ እንደ ጠጅ ቀላ። ባለሙያዋ ፎቶውን አይታ «የአውራሪስ ሳይሆን አይቀርም» አለችኝና ወዲያው «እንግዲያው ከቦሌ አያልፍም» ብላ ጨመረች። የአውራሪስ ዝርያዎች በሙሉ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ሳይትስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ መዝገብ ላይ ናቸው፤ የመቶ ዓመት እጀታ እንኳ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። ኤግዚቢሽኑ ወደ ውጭ ቢሄድ እኛ እዚሁ ነን። አጎቴ በዚህ ትንሽ ከፋው። እቴቴ ግን ደስ አላቸው። «ሌላው ወጥቶ የቀረው ይበቃል» አሉ።

ከዚያ አፎቱ። የአፎቱን ውስጥ እንዴት ትለካላችሁ? ቀጭን የሸምበቆ ዘንግ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልዬ ቀስ ብዬ እስኪነካ አስገባሁ፣ አፉ ጋ ምልክት አደረግኩ፣ አወጣሁና ለካሁ። 88። ተሳስቻለሁ ብዬ ደገምኩ። 88። ሦስተኛ አጎቴ ራሱ ለካ። 88።

ስለቱ 79፣ ቤቱ 88። ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ባዶ። ጉብጠቱም አይገጥምም፤ አፎቱ ከስለቱ የበለጠ ይታጠፋል።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚለው ለካ ፉከራ አይደለም። ልብስ ሰፍቶት ነው።

አጎቴ «በጊዜ ብዛት ቆዳው ተለጥጦ ነው» አለ። ከቆዳው ሥር ያለው እንጨት ነው፣ እንጨት አይለጠጥም። አልመለስኩለትም። መሸት ሲል ነጠላዎቹን አወረድኩና የመጨረሻዎቹን ፎቶዎች ለማንሳት የባትሪውን ብርሃን ከጎን፣ ከስለቱ ገጽ ጋር ሊተኛ ምንም ያህል ሳይቀረው አበራሁ። እንዲህ ሲበራ ከፊት የማይታይ ጭረትና ቅርጽ ሁሉ ጥላ አውጥቶ ይቆማል። ከደረቀው ዘይት ሥር አንበሳ ተነሣ። ዘውድ የደፋ፣ ሰንደቅ የያዘ። ከእጀታው አጠገብ በላቲን ፊደል ሶሊንገን። ይኼ አላስደነገጠኝም፤ የጀርመኗ ሶሊንገን ከተማ ለአበሻ መኳንንት ስለት ስትሠራ ኖራለች፣ በምኒልክ ዘመንም ይመጣ ነበር። ከአንበሳው ቀጥሎ ግን ፊደል አለ። ካሜራው ላይ አጉልቼ አነበብኩት።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት።

ኃይለ ሥላሴ የክርስትና ስማቸው ስለሆነ ድሮም ነበረ ትሉኝ ይሆናል። «ቀዳማዊ»ና «ንጉሠ ነገሥት» ግን ከ1923 ዓ.ም. ንግሥ በፊት አብረውት ሊጻፉ አይችሉም። ዓድዋ ደግሞ 1888 ነው። ጎራዴያችን ዓድዋን የሚያስታውስ ከሆነ ከመወለዱ 35 ዓመት በፊት የሆነውን ነው የሚያስታውሰው።

አጎቴ ስክሪኑን ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያንን ፎቶ መላክ ግድ ነው?» አለኝ።

የውሰት ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነበር። «የቅርሱ ታሪክና የባለቤትነት ሂደት» የሚል ክፍት ቦታ አለው፣ ሦስት መስመር። አጎቴ «ዓድዋ ብለሽ ሙዪው፣ ማን ይጠይቅሻል?» አለ። እኔ ደግሞ ንግግር አምሮኝ ስለ እውነት መናገር ጀመርኩ። ሁለታችንም ጮክ ብለን ነበር መሰለኝ። እቴቴ ከምድጃው ጎን ሆነው «ቅጹን አምጪው» አሉ።

ሰጠኋቸው። የሚፈረምበትን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት። ጠዋት «አልፈርምም፣ ጠንክረሽ ሥሪና እናያለን» ብለውኝ ነበር። ይኼን የወሰድኩት እንደ ተለመደው የሽማግሌ ፍራቻ ነው። በ1967 በአዋጅ አንድ ቤት የተወረሰበት ቤተሰብ ወረቀት ቢፈራ ምን ይገርማል? ደግሞም «ውሰት» የሚለው ቃል ራሱ ጤና የለውም። በ2010 መጋቢት ለንደን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ዳይሬክተር የመቅደላን ንብረት በረጅም ጊዜ ውሰት ልናበድራችሁ እንችላለን ማለታቸውን የሰማ ሁሉ ቃሉን በጎሪጥ ነው የሚያየው። ቤታችሁን የዘረፈ ሰው ማሰሮአችሁን ሊያውሳችሁ ሲመጣ ማለት ነው። የእቴቴ ፍራቻ ግን ከዚህ ሁሉ አልነበረም።

«አባቴም ፈርሞ ነው ያስረከበው» አሉ።

ዝም አልን።

«ዋናውን ጎራዴ። የዓድዋውን። አባቴ ገብቷል።»

ለማታውቁት፣ በዚያ በአምስቱ ዓመት «ገባ» ማለት ለጣሊያን አደረ ማለት ነው። እጁን ሰጠ፣ መሣሪያውን አስረከበ፣ ወረቀት ተቀበለ። እኛ ቤት የእቴቴ አባት አርበኛ ነበሩ። ፎቶአቸው በታች «አርበኛ» ተብሎ በአጎቴ እጅ ተጽፏል። እናንተም ቤት ሳይኖር አይቀርም እንዲህ ያለ ፎቶ። አንዳንዴ ሠርግ ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ስጫወት እቆጥራለሁ፤ የሁሉም አባት በረሃ ነበር። ታዲያ ለጣሊያን ማን ገባ?

እቴቴ በ1930 ዓ.ም. ነው የተወለዱት። «እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር፣ እናቴ ናት የነገረችኝ» አሉ። ስድስት ልጅ። መንደሩ ከተቃጠለ ሁለተኛ ክረምቱ። አባታቸው አንድ ጠዋት ጎራዴውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሄደ። አፎቱን ግን አልወሰደም። «ድሮም አፎት የለውም፣ እንዲሁ ነው የወረስኩት» ብሎ አስመዘገበ። እናታቸው አፎቱን ገብስ ጎታ ውስጥ ቀብራው ነበር። በ1933 ነፃነት ሲመጣ ሄዶ ጠየቀ፤ ምን መዝገብ፣ ምን ጎራዴ። ሁለት ዓመት ባዶ አፎት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። ከዚያ አዲስ አበባ ወርዶ ይኼንን ገዝቶ መጣ። ልኩ እንደማይሆን ያወቀው ቤት ገብቶ ሲከትተው ነው።

«ሲንኳኳ እናቴ ትስቅበት ነበር» አሉ እቴቴ። «እሱ ነው ‘እየፎከረ ነው’ ያላት።»

አጎቴ ተነሥቶ ወጣ። ደጅ ያን ብርድ ታቅፎ ብዙ ቆየ።

በማግስቱ ለባለሙያዋ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። የሚያጽናና ነገር ጠብቄ ነበር። እሷ ግን «የአፎቱን ውስጥ በምን ለካሽው?» አለችኝ። ነገርኳት። «በቪዲዮ እየቀረጽሽ እንደገና ለኪልኝ።» ለካሁላት። 88። «እንግዲያው ሁለት ቁጥር ነው የምንሰጣቸው» አለች። አፎት ለብቻ፣ ጎራዴ ለብቻ። እንዲያውም አንድ ላይ ተከትተው ቢኖሩ መጥፎ ነው አለች፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱን ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል። ስለ አፎቱ ዕድሜ ደግሞ «የዓድዋ ነው» ብላ አልማለችም። ልኩና አሠራሩ ከዚያ ዘመን ጋር አይጣላም፣ የቤተሰብ ቃልም አለ፤ «የቤተሰብ ቃል» ተብሎ ይጻፋል እንጂ «የተረጋገጠ» አይባልም። አንበሳው ያለበትን ስለት ግን በዓመተ ምሕረቱ ከነማስረጃው።

የቀረው የእቴቴ ፊርማ ነበር። እሳቸውም ቅድመ ሁኔታ አወጡ። ቅጹ ላይ የሆነው ሁሉ ይጻፍ፣ «ገብቷል» የሚለውም። ኤግዚቢሽኑ ላይ ከመስታወቱ አጠገብ የሚሰቀለው ጽሑፍ ላይ ግን አይጻፍ። «ለመዝገቡ ይሁን። ለሚያልፍ ለሚያገድመው ግን አባቴን አላቆመውም።» ልክ ናቸው ወይ? እስከ ዛሬ ከራሴ ጋር አልተስማማሁም። አንዳንድ ቀን ያ ከመስታወቱ ጎን ያለው ጽሑፍ ላይ መውጣት ያለበት እሱ ብቻ ነው እላለሁ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ስድስት ልጅ የሌለኝ መሆኑ ትዝ ይለኛል። እዚህ እንድጽፈው ጠይቄያቸዋለሁ። «ስማችንን ካልጠራሽ ጻፊው» ብለዋል። ፈረሙ። ፊርማቸው የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ነው፣ እያንዳንዱ ለየብቻ የቆመ።

ሙዚየሙ በላከው መኪና ጭነን የሄድነው ጥር መጀመሪያ ላይ ነው። ሾተሉ በአንድ ሳጥን፣ የክብር ሰይፉ በሌላ፣ ጎራዴው በሦስተኛው፣ አፎቱ ባዶውን በአራተኛው። ሁሉም በስፖንጅ ተቀርጾላቸው። አጎቴ ከኋላ ከሳጥኖቹ ጋር ካልተቀመጥኩ ብሎ ሙጭጭ አለ። ካንተ ጋር ተጣልቷል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ስለ ጎራዴው ከዚያ ማታ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገረም። ሸኖ ላይ ሻይ ልንጠጣ ስንቆም ወርጄ የኋላውን በር ስከፍት የሦስተኛውን ሳጥን ክዳን ከፍቶ አጎንብሷል።

«ምነው ጋሼ? ተጎዳ እንዴ?»

«አይ» አለ፤ «ድምፁ ጠፍቶብኝ ነው።»